የብጉር ጠባሳ ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብጉሩ ለቅቋችሁ ምልክቱ ለቀረባችሁ፣ በተለይ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላላችሁ የተጻፈ ነው።

ፊቴ ላይ ያለው በእርግጥ ጠባሳ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ብጉር ሲቆጣ ቆዳችን ሜላኒን የሚባለውን ቀለም ከልክ በላይ ያመርታል። ብጉሩ ይድናል፣ ቀለሙ ይቀራል። ይህ ጥቁረት ነው። በእጅ ሲዳሰስ ቆዳው ልሙጥ ነው። ጠባሳ የሚባለው የቆዳው ቅርጽ ሲለወጥ ነው፤ ወይ ይጎደጉዳል፣ ወይ ያብጣል። የሁለቱ ሕክምና ለየቅል ነው። ለጥቁረት የታዘዘ ክሬም ጉድጓድ አይሞላም።

ቤት ውስጥ መለየት ትችላላችሁ። ማታ መብራት አጥፉና መስታወት ፊት ቁሙ። የስልካችሁን ባትሪ ከጆሯችሁ በኩል ወደ ጉንጫችሁ አብሩ። ጥላ የሚጥለው ጉድጓድ ነው። ጥላ የሌለው ቀለም ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ዳብሱት። እኔ ለዓመታት ፊቴ በሙሉ ጠባሳ ነው ብዬ አምን ነበር። በዚህ መንገድ ስቆጥር ቀኝ ጉንጬ ላይ ያገኘሁት ሰባት ጉድጓድ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ቀለም ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም።

ጥቁሩ ምልክት በራሱ ይጠፋል?

አዎ፣ አብዛኛው ይጠፋል። ግን ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይቆያል። ቡናማ የሆነው ቶሎ ይለቃል። ወደ ግራጫ ወይም ሰማያዊ የሚያደላው ቀለሙ ጠለቅ ብሎ ስለገባ ይዘገያል። እንዳይለቅ የሚያደርጉት ዋናዎቹ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ፀሐይና መነካካት።

የፀሐዩን ነገር ብዙዎቻችን እንንቀዋለን። "ጥቁር ነኝ፣ ፀሐይ ምን ያደርገኛል?" እንላለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ አይታወቀንም እንጂ ጨረሩ ከባድ ነው፤ ደመናም አያቆመውም። የመከላከል አቅሙ (ኤስፒኤፍ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በየጠዋቱ ተቀቡ። መጠኑ ለፊትና ለአንገት በአመልካችና በመሃል ጣታችሁ ርዝመት ልክ ነው። ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ቲንትድ የሚባለው፣ ብረት ኦክሳይድ ያለበት ቀለም ያለው ሰንስክሪን ለእኛ ቆዳ ይመረጣል። ጥቁረት የሚያመጣውን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል፤ ፊትንም አመድ አያስመስልም።

ከሰንስክሪን ጋር አዜላይክ አሲድ፣ አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን የሚባል የሚቀባ መድኃኒት ሲታከል ጥቁረቱ ፈጠን ብሎ ይለቃል። ናያሲናማይድና ቫይታሚን ሲ ያግዛሉ፣ ግን ለዘብ ያሉ ናቸው። ሃይድሮኪኖን ጠንካራ መድኃኒት ስለሆነ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰኑ ወራት ብቻ ነው የሚቀባው።

ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ማር፣ እሬት ይሠራሉ?

ሎሚውን እባካችሁ ተዉት። በጣም አሲዳማ ነው፣ ቆዳ ይልጣል። ከዚያም የባሰ ነገር አለው። የሎሚ ጭማቂ ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዳነ በኋላም ጥቁር ሆኖ ለወራት ይቀመጣል። አክስቴ በደግነት ግማሽ ሎሚ ቆርጣ ጉንጬን አሸችልኝ። እኔም በዚያው ታክሲ ልይዝ ወጣሁ። በሳምንቱ ከብጉሩ የሰፋ ጥቁር ነበረኝ።

የጥርስ ሳሙናም ቆዳ ያስቆጣል። ማርና እሬት አብዛኛውን ሰው አይጎዱም፣ ያለሰልሳሉ። ጉድጓድ ግን አይሞሉም።

ብጉሬ ገና አልቆመም። ጠባሳውን አሁን ላሳክም?

መጀመሪያ ብጉሩ ይቁም። በአንድ በኩል እየደፈናችሁ በሌላ በኩል እየተቆፈረ ገንዘባችሁ ያልቃል። ደግሞ የተቆጣ ብጉር ላይ መርፌም ሌዘርም ማሳረፍ ኢንፌክሽን ያስፋፋል፣ ጥቁረት ይጨምራል። ከሁሉም በላይ ጠባሳን የሚያስቀረው ብጉርን ቶሎ ማከም ነው። "ዕድሜ ነው፣ ያልፋል" እየተባለ የተተወ ልጅ ብጉሩ ያልፍለታል፤ ጉድጓዱ ግን አብሮት ይኖራል። ልጅ ያላችሁ ይህችን ያዙልኝ።

ሁለቱንም የሚነካ አንድ መድኃኒት አለ፦ አዳፓሊን። ብጉሩን ይቀንሳል፣ ቆዳው ኮላጅን፣ ማለትም ቆዳን ደግፎ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ እንዲሠራም ይገፋፋል። በ0.3 በመቶ መጠን ከወራት በኋላ ቀለል ያሉ ጉድጓዶችን እንደሚያሻሽል ታይቷል። አሜሪካ ያላችሁ 0.1 በመቶውን ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ያለ ሐኪም ወረቀት ከፋርማሲ ታገኛላችሁ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ማታ ፊታችሁን ታጥባችሁ ሲደርቅ፣ የአንዲት አተር ፍሬ ያህል ለመላ ፊት። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ጀምሩና ቀስ በቀስ ጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ይደርቃል፣ ይላላጣል፤ ማለስለሻ ቅባት ደርቡበት። ብጉሩ ትልልቅ፣ የሚያምና ከስር የሚቋጥር ከሆነ ግን በክሬም አትድከሙ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ጉድጓድ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሰው ገንዘቡን ከሚያጠፋበት ምክንያት አንዱ ይህን አለማወቁ ነው። ሐኪሞች በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው በወፍራም መርፌ የተወጋ የሚመስለው ነው። አፉ ከ2 ሚሊ ሜትር የጠበበ፣ ወደ ውስጥ ግን የጠለቀ። ሁለተኛው ሳጥን ይመስላል፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ። የፈንጣጣ ጠባሳ የሚመስለው ዓይነት ነው። ሦስተኛው ሰፋ ያለና ሞገድ የመሰለ ነው፤ ጠርዝ የለውም፣ ቆዳው ወደ ታች የተሳበ ይመስላል።

ሞገዱን ለመለየት ቆዳውን በሁለት ጣት ወደ ጎን ለጠጥ አድርጉት። ጉድጓዱ ከጠፋ ወይም በጣም ከቀለለ እሱ ነው። በመርፌ የተወጋው ዓይነት ቢለጠጥም አይጠፋም። አብዛኛው ሰው ሦስቱም ተደባልቀው ነው ያሉት።

ታዲያ የትኛው ሕክምና ለየትኛው ነው?

ለሞገዱ ዓይነት መነሻው ሰብሲዥን ነው። ቆዳው ወደ ታች የተሳበው ከስሩ የጠባሳ ክሮች ስለያዙት ነው። ሐኪሙ ጉንጩን ያደነዝዝና መርፌ በቆዳው ስር አስገብቶ ክሮቹን ይቆርጣል። ለእኔም ይህ ተሠርቶልኛል። ሲቆረጥ ድምፅ አለው። ሥጋ ስትዘለዝሉ ጅማቱ በቢላ ሲበጠስ እንደሚሰማው፣ ጠ፣ ጠ ይላል። አያምም፣ ግን ያስደነግጣል። ቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ የወንበሩን ክንድ ጨምድጄ ነው የጨረስኩት። ጉንጬ ለሁለት ሳምንት ያህል አብጦና በልዞ ቆየ። ስለዚህ ሠርግ ወይም ፎቶ ያለባችሁ ሳምንት አትቅጠሩት።

በመርፌ የተወጋ ለሚመስለው ዓይነት ክሮስ የሚባል ዘዴ አለ። ቲሲኤ የተባለ አሲድ፣ ብዙ ጊዜ ከ65 እስከ 100 በመቶ በሚደርስ ጥንካሬ፣ እንደ ስቴኪኒ ጫፍ በሾለ ነገር እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ይነካል። በሰከንዶች ውስጥ ነጭ ይሆናል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ቅርፊቱ በቀናት ይወድቃል። ከዚያ ጉድጓዱ ከውስጥ ይሞላል። ይህ አሲድ በኢንተርኔት ይሸጣል። ቤት ውስጥ ግን ፈጽሞ አትሞክሩት፤ ከጉድጓዱ ወጥቶ ጤነኛውን ቆዳ ከነካ አዲስ ጠባሳ ይሠራል። ጠርዙ ቀጥ ላለውና ለጠለቀው ደግሞ ሐኪሙ በትንሽ ክብ መቁረጫ አውጥቶ ሊሰፋው ወይም ወለሉን ወደ ላይ ሊያነሳው ይችላል።

ማይክሮኒድሊንግ፣ ሌዘርና ፊለር ከእነዚህ ቀጥለው ወይም አብረው የሚመጡ ናቸው። ፊለር ጉድጓዱን ከስር ይሞላል። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሆነው ከወራት በኋላ ይሟሟል። የሚወጋው ሰው የፊትን ደም ሥሮች አጥርቶ የሚያውቅ ሐኪም መሆን አለበት። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊሞት፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። ፀጉር ቤት የሚሠራ ነገር አይደለም።

ማይክሮኒድሊንግ ምንድን ነው? ሮለር ገዝቼ ቤት ልሥራው?

በጣም ቀጫጭን መርፌዎች ቆዳውን ይበሱታል፣ ሰውነትም ቁስሉን ለመጠገን ኮላጅን ይሠራል። የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ስለማያቃጥል ጥቁር ቆዳ ላይ ጥቁረት የማምጣት ዕድሉ ከሌዘር ያነሰ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች ለእኛ ቆዳ የሚያስቀድሙት። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ዙር፣ በመካከላቸው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ክፍተት ይሠራል።

የቤቱን ሮለር አልመክርም። አጭር መርፌ ያለው ጠባሳ ድረስ አይደርስም። ረጅሙ ደግሞ በቤት እጅ አደጋ ነው። ሲንከባለል ይቀድዳል፣ ይዶለዱማል፣ በቅጡ አይጸዳም። ከእህት ወይም ከጓደኛ ጋር መጋራት ደግሞ በጭራሽ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የሆነውን ይፋ አድርጓል። ፈቃድ በሌለው ስፓ ከራሳቸው ደም ተለይቶ በወጣ ፒአርፒ በተባለ ፈሳሽ ማይክሮኒድሊንግ የተሠራላቸው ሴቶች በኤችአይቪ ተይዘዋል። የትም ብትሄዱ የመርፌው እሽግ ዓይናችሁ እያየ እንዲከፈት ጠይቁ። ይህን ስትጠይቁ የሚቆጣ ሰው ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ፒሊንግስ፣ ማለትም ቆዳን በአሲድ መላጥስ?

ለጥቁረት ጥሩ ነው። ለጉድጓድ ብዙም አይደለም። ሳሊሲሊክና ግላይኮሊክ አሲድ በቀላል መጠን የላይኛውን ሽፋን ያነሳሉ፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ቆዳው ይለሰልሳል። ጠለቅ ያለ ፒሊንግ ግን ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ አደገኛ ነው።

ይህን በራሴ ፊት ነው የተማርኩት። አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ "ዛሬውኑ ይጠፋልሻል" ተባልኩ። ምን አሲድ እንደሆነ ጠየቅሁ፣ "የውጭ ነው" የሚል መልስ ብቻ አገኘሁ። ሲያቃጥለኝ "ይሄ እየሠራ ነው" አሉኝ። በሦስተኛው ቀን አገጬ ዙሪያ ቆዳው ተገሽልጦ ነበር። ከዚያ የመጣው ጥቁረት እስኪለቅ 14 ወር ፈጀ። ስሙና መጠኑ ያልተነገራችሁን ነገር ፊታችሁ ላይ አታስነኩ።

ሌዘር ለጥቁር ቆዳ አይሆንም የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሌዘር ቆዳን በሙቀት ይጎዳል፤ የእኛ ቆዳ ደግሞ ለሙቀት የሚሰጠው መልስ ቀለም ማምረት ነው። ድሮ ቆዳውን በሙሉ የሚገፍፈው ሌዘር ለእኛ በእርግጥ አደገኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ፍራክሽናል የሚባለው መጣ። ጨረሩን እንደ ወንፊት ቀዳዳ በጥቃቅን ነጥቦች ይከፋፍለዋል፣ በነጥቦቹ መካከል ያለው ጤነኛ ቆዳ ቁስሉን ቶሎ ይጠግናል። ቆዳውን ሳይገፍፍ ከስር የሚያሞቀው ዓይነት፣ ለምሳሌ የሞገድ ርዝመቱ 1,550 ናኖሜትር የሆነው፣ ቆዳ ከሚገፍፈው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ይልቅ ለጥቁር ቆዳ ይሻላል።

ዋናው ማሽኑ አይደለም፣ የሚይዘው እጅ ነው። ለነጭ ቆዳ የተስተካከለ መጠን እናንተ ላይ ይቃጠላል። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያላችሁ በተለይ ይህን ጠይቁ፦ "እንደ እኔ ያለ ቆዳ ስንት ሰው ሠርተሃል? ፎቶ አለህ?" መጀመሪያ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ቦታ እንዲሞከር፣ ከዚያ ሳምንታት ተጠብቆ እንዲታይ ጠይቁ። ከንፈራችሁ ላይ ምች የሚወጣባችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሌዘር ሊቀሰቅሰው ስለሚችል የመከላከያ ክኒን ይታዘዛል።

የእኔ ጠባሳ ጎድጓዳ ሳይሆን ያበጠ ነው። ምን ላድርግ?

ከብጉሩ ቦታ ሳይወጣ ያበጠ ጠባሳ በጊዜ ሊሟሽሽ ይችላል። ከቦታው አልፎ እየተስፋፋ የሚሄደው ኬሎይድ ነው። አገጭ ዳር፣ ደረትና ትከሻ ላይ ይበዛል፤ እንደ እኛ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ይበልጥ ይጠቃል። ያሳክካል፣ አንዳንዴም ያማል።

ኬሎይድን እንዲሁ ቆርጦ ማውጣት መፍትሔ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ብሶ ይመለሳል። የተለመደው ሕክምና ትሪያምሲኖሎን የተባለ የስቴሮይድ መርፌ እዚያው ጠባሳው ውስጥ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ መወጋት ነው። የሲሊኮን ጄል ወይም ፕላስተር ያግዛል፣ ግን በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ለወራት መቆየት አለበት። ኬሎይድ ያላችሁ ወይም በቤተሰባችሁ ያለ ሰዎች ማይክሮኒድሊንግም ሌዘርም ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ።

ፊት የሚያቀላው ክሬም ጥቁረቱን በሳምንት አጠፋልኝ። ለምን ይከለከላል?

በሳምንት ውስጥ ፊት የሚያበራ ክሬም ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን፣ አለበት። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለው፤ እሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ያስደስታል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ፀጉር ይበቅላል፣ አዲስ ብጉርም ይፈላል። ስታቆሙት ፊት እንደ ደም ይቀላል፣ ያቃጥላል። ያን ለማስታገስ ትመለሱበታላችሁ። በዚህ ዓይነት ቀለበት ዓመታት ያሳለፉ ሴቶች አውቃለሁ። አንዲት ዘመዴ ከዓረብ ሀገር ስትመለስ ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ብልቃጥ ይዛ መጣች። "እዚያ ሁሉም ይሄን ነው የሚቀባው" አለች። በልፋቷ ገንዘብ ነው የገዛችው፤ ልቤ ተነካ።

ለረጅም ጊዜ ከተቀባችሁ በድንገት አትጣሉት። ክሬሙን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቀስ በቀስ የሚያስቆም ዘዴ አለ።

እርጉዝ ነኝ። የቱን ልጠቀም?

አዜላይክ አሲድና ሰንስክሪን ይቻላል። አዳፓሊን፣ ትሬቲኖይንና ሃይድሮኪኖን ይቁሙ። ለከባድ ብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን (ሮአኩታን) ክኒን ደግሞ ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ከመውሰዱ አንድ ወር በፊት ጀምሮ እስካቆሙት አንድ ወር በኋላ ድረስ አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ያስፈልጋል። የጉድጓዱ ሕክምና ከወሊድ በኋላ ይደርሳል።

ሮአኩታን እየወሰድኩ ነው። ለጠባሳ ሕክምና 6 ወር መጠበቅ አለብኝ?

ሮአኩታን ማለት አይሶትሬቲኖይን ነው። ድሮ ለሁሉም 6 ወር ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ የባለሙያዎች ምክሮች ይህን አለዝበውታል። ማይክሮኒድሊንግ፣ ቀላል ፒሊንግና አንዳንድ ፍራክሽናል ሌዘሮች የግድ መዘግየት የለባቸውም ይላሉ። ቆዳን በሙሉ የሚገፍፍ ሌዘርና በማሽን መፋቅ ግን አሁንም ይጠብቃሉ። ውሳኔው ክኒኑን ካዘዘላችሁ ሐኪም ጋር ነው። ወረፋ እንዳያልፋችሁ ብላችሁ መድኃኒቱን አትደብቁ።

ሙሉ በሙሉ ይጠፋል? ስንት ጊዜስ ይፈጃል?

ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። "መቶ በመቶ" የሚላችሁን አትመኑ። የሚቻለው ጉድጓዱ እንዲያንስ፣ ጠርዙ እንዲለሰልስ፣ ጥላው እንዲቀል ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ግማሹና ከዚያ በላይ ሲሻሻልለት ይረካል። ኮላጅን ለመሠራት ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት መስታወት ፊት ቆማችሁ አትፍረዱ። መጀመሪያ ላይ ያለው እብጠት ጉድጓዱን ሞልቶ ያታልላል፣ ሲቀንስ ደግሞ ተስፋ ያስቆርጣል። ሁለቱንም አትመኑ።

ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ መስኮት፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ሜካፕና ያለ ፊልተር ፎቶ ተነሡ። በየሦስት ወሩ እዚያው ድገሙት። እኔ ለውጡን ያየሁት በመስታወት ሳይሆን በፎቶ ነው።

ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?

ከሰንስክሪንና ከአዳፓሊን ጀምሩ። ሁለቱን ለ6 ወር ሳታቋርጡ ተጠቀሙ። በዚያ ጊዜ ጥቁረቱ አብዛኛው ይለቃል፣ የቀረው እውነተኛ ጉድጓድ ስንት እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚታከመው እሱ ብቻ ነው። ይህን ሳያዩ ለመላ ፊት ሌዘር መክፈል፣ ሦስት ቆርቆሮ ለሚያፈስ ቤት ጣሪያውን በሙሉ እንደ መቀየር ነው።

ከዚያ አንድ ቀጠሮ ከቆዳ ሐኪም ጋር ያዙ። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ በሥጋ ደዌ ሕክምናው የሚታወቀው የዘነበወርቁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው። ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም ጋ የቆዳ ሐኪሞች አሉ። ሐኪሙን "የትኛው ዓይነት ጉድጓድ ነው ያለኝ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰብሲዥንና ክሮስ ውድ ማሽን አይፈልጉም፤ መርፌ፣ ማደንዘዣ፣ ትንሽ አሲድና የሠለጠነ እጅ ይበቃቸዋል። ከሰባቱ ጉድጓዶቼ አምስቱ የተስተካከሉት በእነዚህ ሁለቱ ነው። ሁለቱ አሁንም አሉ፤ በስልክ ባትሪ ካልፈለግኋቸው አላያቸውም።